የጊታር ድምፅ አጎርናኝ ሣጥን አሠራር

የጠራ ድምፅ ሁሉም ሰው ይወዳል፡፡ ታዲያ የጠራውን የጊታር ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር መሣሪያ ለምን ይሠራል? ይህን ጥያቄ ዘንድሮ መምህራንም፣ የክፍል ጓደኞቼም፣ አባቴም ጠይቀውኛል፡፡ በዚህ ጽሑፍ ለሁሉም ባንድነት ለመመለስና ሥራውን ለመሞከር ለሚፈልግ ተማሪ መንገዱን ለማሳየት አስቤአለሁ፡፡ ያጠፋሁትንም አልደብቅም፤ ከስሕተቴ የተማርኩት ከቀናኝ ይበልጣልና፡፡

መሣሪያው ፈዝ ይባላል፡፡ በጊታር ተጫዋቹ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ከጊታሩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያሳልፍ ትንሽ ሣጥን ነው፡፡ ሲረገጥ ድምፁ ይጎረንናል፤ ዳግመኛ ሲረገጥ እንደ ቀድሞው ይጠራል፡፡

የተገኘው በብልሽት ምክንያት ነው፡፡ በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀረጽ፣ ከመቅረጫው ዕቃ አንዱ ክፍል ተበላሽቶ የባስ ጊታሩን ድምፅ አሻከረው፡፡ ዘፈኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ወጥቶ ተወደደ፡፡ የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ያንኑ ድምፅ በትራንዚስተር እንደገና ለማውጣት ቻለ፤ ጊብሰን የተባለው ኩባንያም በ1962 ዓ.ም. ማዬስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው፡፡ በ1965 ዓ.ም. ሮሊንግ ስቶንስ የተባሉት እንግሊዛውያን በዘፈናቸው ካሰሙት በኋላ በዓለም ታወቀ፡፡

የሀገራችን ሰው ግን የዚህን ዐይነት ድምፅ ጣዕም ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፡፡ በገና 10 አውታሮች አሉት፡፡ በየአውታሩና በርኩማ በሚባለው መደገፊያ መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፡፡ እንዚራዋ በቦታዋ ስትሆን አውታሩ ሲርገበገብ መደገፊያውን ነካ መለስ እያደረገ እንደ ንብ እዝዝ የሚል ድምፅ ያወጣል፡፡ ሞጣ የሚኖሩት አጎቴ ለዐቢይ ጾም በገናቸውን ሲያሰናዱ አይቻለሁ፡፡ አንዷን እንዚራ በጣታቸው ጥቂት ገፋ ሲያደርጓት የአውታሩ ድምፅ ቀጭንና ባዶ ሆነ፤ ሲመልሷት ነፍስ ዘራ፡፡ እንግዲህ መሻከር ሁሉ ብልሽት አይደለም ማለት ነው፡፡

ፈዝ ይህን በኤሌክትሪክ ያደርጋል፡፡ ከጊታር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ ይጓዛል፡፡ ትራንዚስተሮቹ ማዕበሉን እጅግ ያሳድጉታል፡፡ ነገር ግን የባትሪው ጉልበት 9 ቮልት ብቻ ስለ ሆነ ማዕበሉ ከዚያ በላይ ሊያድግ አይችልም፤ አናቱ ይቈረጣል፡፡ ጤፍ በቁና ሲሰፈር ከአፉ በላይ የተቈለለው በእጅ ተጠርጎ እኩል እንደሚሆን ነው፡፡ አናቱ የተቈረጠ ማዕበል በመጀመሪያ ያልነበሩትን ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወልዳል፤ ጆሮአችን መጎርነን ብሎ የሚሰማው እነዚህን ነው፡፡

ለሥራው 2 ትራንዚስተሮች፣ 4 ሬዚስተሮች፣ 3 ኮንደንሰሮች፣ የድምፅ መጠንና የጉርናኔ መጠን የሚለኩ 2 መቆጣጠሪያዎች፣ 2 የሽቦ መሰኪያዎች፣ አንድ የእግር ማብሪያና አንድ የ9 ቮልት ባትሪ ይበቃሉ፡፡ ትራንዚስተሮቹን ቢቸና ገበያ አጠገብ የሚሠሩ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ከሞተ ሬዲዮ ነቅለው በነፃ ሰጡኝ፡፡ አጣብቄ ስጨርስ በሁለተኛው ትራንዚስተር ሰብሳቢ እግር ላይ የባትሪው እኩሌታ፣ ማለት 4.5 ቮልት ያህል፣ መገኘቱን በቴስተር አረጋገጥሁ፡፡ ታናናሾቼን የማስጠነቅቀው በባትሪ ብቻ እንድትሠሩ ነው፤ የግድግዳው 220 ቮልት ሰው ይገድላል፡፡

ከዚህ በኋላ ሣጥኑ ይመጣል፡፡ በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ ሞጣ ወረድሁ፤ አጎቴ የብረት በርና መስኮት ይሠራሉና፡፡ የ1 ሚሊሜትር ላሜራ ቈርጠን፣ በሞርሳ ይዘን፣ በመዶሻ አጠፍነው፡፡ ቀዳዳዎቹን በስተን ጠርዛቸውን በሞረድ አለሰለስን፡፡ በማግሥቱ አውቶቡስ ስለሚሄድ ግን ላሜራውን ሳልፍቅ፣ ዘይቱንም ሳላጥብ፣ ውስጡንና ውጭውን ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት፡፡ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፡፡

ለወላጆች ቀን ልምምድ ስናደርግ ሣጥኑ ከጉርናኔው ጋር ኡኡታ ያሰማ ጀመር፡፡ ጣቴን ባሳረፍሁበት ቍጥር ይብስበታል፡፡ ማሲንቆ የሚመታው ጓደኛዬ መሣሪያውን አስቀምጦ፣ «ይህ ካለ የኔ አይሰማም» አለኝ፡፡ እኔም ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሄጄ በሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ የሰጡኝ ዕቃ የተበላሸ ነው» አልኋቸው፡፡ ምንም አልመለሱልኝም፡፡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ትራንዚስተር ስለዋውጥ ከረምሁ፤ ኡኡታው አልቀረም፡፡

በመጨረሻ አፍሬ ሣጥኑን ይዤላቸው ሄድሁ፡፡ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በመሰኪያው የመሬት ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ቀለሙ በተላጠበት ላሜራ ላይ አሳረፉ፡፡ ቀስቱ አልተነቃነቀም፡፡ «ልጄ፣ ዕቃውን ከመውቀስህ በፊት ሣጥኑን ብትጠይቀው ምን ነበር?» አሉኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በየግድግዳው ያለው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ መመላለስ በአየር አልፎ ወደ ፈዙ ይገባል፤ ፈዙም የገባለትን ሁሉ ያሳድጋል፡፡ ብረቱ ሣጥን ይህን ጩኸት የሚከለክለው ከመሬት ሽቦው ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው፡፡ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፡፡ እኔ የውስጡን ሁሉ ቀብቼ መሰኪያውን ከብረቱ ለይቼው ነበር፡፡ ጥፋቱ የትራንዚስተሩ ሳይሆን የኔ ቀለም ነበረ፡፡

ስለዚህ እንደገና ጀመርሁ፡፡ የድሮውን ቀለም ልጬ ላሜራውን በሻካራ፣ ቀጥሎም በልዝብ ብርጭቆ ወረቀት ፈቅሁት፡፡ በሳሙና አጥቤ አድርቄ፣ በቲነር በራሰ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ከዚያ በኋላ በእጄ አልነካሁትም፡፡ በመጀመሪያ የዝገት መከላከያ ቀባሁና አንድ ቀን አሳደርሁት፡፡ ቀጥሎ ቀለሙን ስስ አድርጌ ሁለት ጊዜ፣ የፊተኛው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ሳልደርብ ቀባሁ፡፡ መሰኪያዎቹ የሚያርፉበትንና ክዳኑ የሚገጥምበትን የውስጥ ጠርዝ ግን ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፋቅሁት፡፡ የቴስተሩ ቀስት ዘለለ፤ ኡኡታውም ጠፋ፡፡

ሣጥኑን መጀመሪያ ያሰማሁት ለሬዲዮ ጠጋኙ ነው፡፡ በሰው ፊት ስለ ወቀስኋቸው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም ሥቀው፣ «አንድ ሌላ ዘፈን ጨምርልኝ» አሉ፡፡ በወላጆች ቀን ጊታሩ ሲጎረንን ማሲንቆውም ከጎኑ ጥርት ብሎ ተሰማ፡፡

እንግዲህ አባቴና መምህራን ለጠየቁኝ መልሴ ይህ ነው፤ ጌታው የፈለገው ጩኸት ዜማ ነው፤ ያልፈለገው ግን ሌላውን ያፍናል፡፡ ሁለቱን የሚለያቸው ደግሞ ማንም የማያየው፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለ፣ ቀለም ያልነካው የጣት ስፋት ብረት ነው፡፡