«ቅርጫ አስገቡኝ»
በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ሰንጋ ተራ ስሙ ከሰንጋ የመጣ ነው። ዛሬ ዓይን ውስጥ የሚገቡት ግን የባንክ ሕንፃዎችና የ40/60 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ናቸው። ሰንጋ አርዶ የመካፈሉ ልማድ፣ ቅርጫ፣ ግን አልቀረም። ጎረቤታሞች ለበዓል በሬ ሊገዙ ገንዘብ ሲያዋጡ «ቅርጫ እንግባ» ይባባላሉ፤ «ቅርጫ እንሳተፍ» የሚል ቢገኝ ከስብሰባ የመጣ ይመስላል።

«እንሳተፍ»ም «አሳተፈ»ም ከግእዙ «ሱታፌ» ጋር ሥራቸው አንድ ነው፤ ሱታፌ ኅብረት፣ ተካፋይነት ማለት ነው። በቅርጫ ይህ በዓይን ይታያል፦ ሥጋው በመደብ ይከፋፈላል፣ ከየብልቱ ለየመደቡ ይደርሳል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ያዋጣ ሁሉ ተካፋይ ነው። «አጋራ»ም በትርጉም የ«አሳተፈ» ቅርብ ዘመድ ነው፤ ያለውን ለሌላው ያካፈለ ሰው አጋራ ይባላል።

«አካተተ» ግን ሌላ ነው። በስም ዝርዝር የተካተተ ሰው አንዲት ቃል ላይተነፍስ ይችላል፤ የተሳተፈ ግን ይናገራል፣ ይሠራል፣ ያዋጣል። ሁለቱን እያምታቱ የሚጽፉ ሪፖርቶች ብዙ ናቸው። «ጨመረ» ደግሞ ለሰውም ለወጥ ጨውም ይሆናል።

ማሳተፍ ክፉ ጎንም አለው። «በነገሩ አነካካኝ» የሚል ሰው እያማረረ ነው። «እጁ አለበት» ከተባለም ጉዳዩ ወንጀል ወይም ተንኮል ነው። «አስገባ» ሁለቱንም ይችላል፦ «ቅርጫ አስገቡኝ» ልመና ነው፤ «ጉድ ውስጥ አስገቡኝ» ግን ወቀሳ።