ውኃ የሚያለሰልሰው ቅይጥ

በሐይቅና በአምባሰል የሚሠራ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ ሲያበጅ ስለቱን በእሳት አግሎ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ብረቱም በቅጽበት ይጠነክራል። ይኸው ባለሙያ 4 በመቶ ያህል መዳብና ጥቂት ማግኒዥየም ያለበትን የአሉሚኒየም ቅይጥ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አግሎ ቢነክረው ግን ውጤቱ ግራ ያጋባዋል። ቅይጡ ለስልሶ ይወጣል፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ጠንክሮ ይገኛል።

ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም እ.ኤ.አ. በ1906 የገጠመው ይኸው ነበር። ቅዳሜ የተለካው ናሙና ሰኞ እንደገና ሲለካ ጠንክሮ ተገኘ (የእሑድ ዕረፍት ለሳይንስ የጠቀመበት አጋጣሚ ብንለው አልተሳሳትንም)። ከዚህ ግኝት የተወለደው ዱራሉሚን የአውሮፕላን ዋና ቁስ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገበት ሲ-47 አውሮፕላንም ገላው ከዚሁ ቤተሰብ በሆነ ቅይጥ የተሠራ፣ በሪቬት የተጋጠመ ነበር።

ለመሆኑ ምሥጢሩ ምንድን ነው? ብረታ ብረት ሲታጠፍ የአቶም ረድፎቹ በአንድ ጊዜ አይንሸራተቱም። ዲስሎኬሽን የሚባለው የረድፍ መዛባት እንደ ማረሻ ከዳር እስከ ዳር ይጓዛል፤ ማጠንከር ማለትም የዚህን ማረሻ መንገድ መዝጋት ነው። በሙቀት ጊዜ መዳቡ ጨው በውኃ እንደሚሟሟ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ይሟሟል። በድንገት ሲቀዘቅዝ ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ እንደተበተነ ይቀራል፤ ማረሻውም ብዙ ሳይቸገር ያልፋል። ቀስ በቀስ ግን የመዳብ አቶሞች እየተሰበሰቡ እጅግ ስስ ክምችቶችን ይፈጥራሉ። ፈረንሳዊው ጊኒየና ብሪታንያዊው ፕሬስተን እ.ኤ.አ. በ1938 በኤክስሬይ የደረሱባቸው እነዚህ ክምችቶች በማሳ ውስጥ እንዳሉ ድንጋዮች ናቸው። ቅይጡ ከመጠን በላይ ከተሞቀ ድንጋዮቹ ትልልቅ፣ ነገር ግን ጥቂትና የተራራቁ ስለሚሆኑ ጥንካሬው መልሶ ይወርዳል።

መቀጥቀጥም የራሱ ድርሻ አለው። ዲስሎኬሽኖችን ያበዛል፤ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈውም መተላለፊያ ያጣሉ።

ሪቬት ሁለቱንም ይፈልጋል፦ ጫፉ ሲቀጠቀጥ ለስላሳ፣ ከተቀጠቀጠ በኋላ ብርቱ መሆን አለበት። 2024 በሚል ቁጥር ከሚታወቀው ቅይጥ የተሠራ ሪቬት ከተነከረ በኋላ በ20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ መመታት ይኖርበታል። ከዘገየ ጫፉ ሊሰነጠቅ ይችላል። በአውሮፕላን ጥገና ቤቶች ሪቬት ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ ቅዝቃዜው የአቶሞቹን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ሳይመታ የጠነከረ ሪቬት ወዲያው አይጣልም፤ እንደገና ግሎ ሊነከር ይችላል።

የሪቬቱን ዓይነት የሚናገረው የራሱ ላይ ምልክት ነው። ምልክት የሌለው ንጹሕ አሉሚኒየም ነው። ስርጉድ ነጥብ ያለው 2117 ሲሆን ያለ ማቀዝቀዣ ይመታል። ጎልታ የወጣች ነጥብ 2017ን፣ ሁለት ጎልተው የወጡ ሰረዞች ደግሞ 2024ን ያመለክታሉ። የለሰለሰ ንጹሕ አሉሚኒየም በ90 ሜጋ ፓስካል ገደማ ሲበጠስ የጠነከረው 2024 እስከ 470 ይደርሳል። ሁለቱም በአንድ ቀዳዳ ውስጥ በልክ ይገባሉ፤ የተመታው ጫፋቸውም ሲታይ አንድ ነው።