ስለ ጨው ጉዳት አሰያየም፦ «የጨው አመዳይ» እና «ኅቡዕ ጨው»

በጅማ ከተማ በመንደራ ቆጪ ሰፈር ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትጠና፣ በአንዳንድ የግንብ ቤቶች ግርጌ ነጭ ብናኝ ብቅ ይላል። ነዋሪው በአንድ ቃል «ጨው» ይለዋል። ለዕለት ንግግር ይህ ይበቃል፤ ለቅርስ ጥገና ጽሑፍ ግን አይበቃም። እንግሊዝኛው «ኤፍሎረሰንስ» እና «ሰብፍሎረሰንስ» ብሎ የሚለያቸው፣ አደጋቸውም የማይመሳሰል ሁለት ነገሮች በዚሁ በአንዱ ቃል ይጠቀለላሉና።

ውሃ ከመሬት ወደ ግንቡ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ሲሳብ የሟሟ ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃው ሲተን ጨው ጠጥሮ ይቀራል። ትነቱ ከገጽ ላይ ከሆነ ጨው በውጭ ይታያል፤ ከገጹ በታች ከሆነ ግን በድንጋዩ ወይም በልስኑ ቀዳዳ ውስጥ ጠጥሮ ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋል። ለምሳሌ ደረቁ የሶዲየም ሰልፌት ጨው ውሃ አግኝቶ ሲለወጥ ይዘቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል። ያን ጊዜ ልስኑ ያብጣል፤ ሥዕሉም ከነልስኑ ይረግፋል።

ለመጀመሪያው «የጨው አበባ» የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። የባዕዱ ቃል ሥር በላቲን «አበባ» ስለሆነ ትርጉሙ ታማኝ ነው። ነገር ግን አበባ በእኛ ዘንድ የፍሬ ተስፋ እንጂ የጥፋት ምልክት አይደለም። «ሆራ» የሚለውም ቃል በጅማ አካባቢ ከብት ለሚጠጣው ጨዋማ ውሃ የተያዘ ነው። ስለዚህ «የጨው አመዳይ» እንዲባል እናቀርባለን፤ አመዳይ ነጭ ነው፣ በገጽ ላይ ይተኛል፣ ጉዳትንም ያመለክታል። አመዳይ ለቆላና ለወይና ደጋ ሰው እንግዳ ነው ቢባልም፣ ቃሉ በመዝገበ ቃላት የታወቀ ነው። ለሁለተኛው «ኅቡዕ ጨው» እንላለን።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውሃ ከሚስብ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ የተቀባው ሬንጅ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሳንድሮ አንጄሊኒ በተመራው ጥገና እንዲነሣ ተደርጓል። ገጹ ሲደፈን እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ጨውም ከቅቡ ሥር ይከማቻል።

እንግዲህ ተርጓሚው ሁለቱንም «ጨው» ብሎ «ይጽዳ» የሚል ትእዛዝ ቢጽፍ፣ ግንበኛው ውሃ ያፈስበታል፤ ጨውም ሟሙቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። «የጨው አመዳይ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ ኅቡዕ ጨው ያለበት ሥዕል ግን ባለሙያ ሳያየው አይነካ» ቢል ግን ሥዕሉ የመትረፍ ዕድል ያገኛል።

በእነዚህ ስያሜዎች ላይ የአንባብያንን ሐሳብ እንጠብቃለን።