ጎርፍ የነካው መኪና ታጥቦ ለገበያ ሲቀርብ፦ ያገለገለ ተሽከርካሪ ከመግዛት በፊት ምን መመርመር ይገባል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በተባበሩት አረብ ኢምሬቶች የጣለው ዝናብ፣ በአገሪቱ የዝናብ መጠን መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው ነበር። ብሔራዊ የሜትሮሎጂ ማዕከል እንዳስታወቀው፣ በአል ዓይን በምትገኘው ኻትም አል ሸክላ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 254.8 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዝግቧል። በዱባይና በሻርጃ ጎዳናዎችና የመኪና ማቆሚያዎች በውኃ ተጥለቅልቀው በርካታ ተሽከርካሪዎች ባሉበት ቆመው ቀርተዋል፤ በአንዳንድ ሰፈሮችም ውኃው ለቀናት ሳይጎድል ቆይቷል።

ከእንዲህ ዓይነቱ ጎርፍ በኋላ የተጎዱ መኪኖች ዕጣ አንድ ዓይነት አይደለም። ሙሉ የመድን ሽፋን ያላቸው ባለንብረቶች ኪሳራቸው በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሸፈንበት ዕድል ሰፊ ነው። የሦስተኛ ወገን ሽፋን ብቻ ያለው ባለንብረት ግን በገዛ መኪናው ላይ ለደረሰው የጎርፍ ጉዳት ካሣ ስለማያገኝ፣ ጉዳቱን ራሱ ይሸከማል። ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዶቹ ተጠርገው፣ ደርቀውና ሽቶ ተረጭቶባቸው ወደ ገበያ ይመለሳሉ። ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ለሥራ መመላለሻ በሚሆን መኪና ላይ ለማዋል የተዘጋጀ ሠራተኛ ሊጠነቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱ ዘግይቶ የሚገለጠው ለምንድን ነው?

የግጭት ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከውጭ ይታያል፤ የጎርፍ ጉዳት ግን ከውስጥ ይሠራል። የዘመናችን መኪና ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሪክ ሽቦዎችና በመቆጣጠሪያ ሳጥኖች የተያያዘ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዝቅ ብለው ከወንበሮች ሥር፣ ከምንጣፍ በታችና ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ይገኛሉ። ጭቃ ያዘለ ውኃ በሽቦ መጋጠሚያዎች ውስጥ ሲገባ የመዳብ ክፍሎቹን ቀስ በቀስ ይበላል። መኪናው በሽያጩ ዕለት ያለ እንከን ሊነሳ፣ ከወራት በኋላ ግን መስኮቱ አልከፈት፣ የፍሬኑ የማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋ ሊል ይችላል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የደህንነት መሣሪያዎችን ይመለከታል። በግጭት ጊዜ የአየር ከረጢቱን የሚያስነሳው መቆጣጠሪያ በብዙ መኪኖች ወለሉ ላይ ስለሚቀመጥ በቀላሉ በውኃ ይጠቃል። በዝገት የተጎዳ መቆጣጠሪያ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነው።

በመጀመሪያ ሰነዱን መመርመር

ምርመራው መኪናውን ከማየት በፊት በሰነድ ይጀምራል። ገዢው የባለቤትነት ካርዱን ወይም ሙልኪያውን ተቀብሎ፣ በላዩ የሰፈረው የሻንሲ ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይገባል። በዚህ ባለ 17 ምልክት ቁጥር አማካይነት በፖሊስ የተመዘገበ የአደጋ ታሪክ ካለ በአገሪቱ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎቶች ማየት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከመዝገቡ ምንም አለመገኘቱ መኪናው ጎርፍ አልነካውም ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ ለፖሊስ ሳያመለክት ራሱ አስጠግኖት ሊሆን ይችላልና።

ከአሜሪካ የገቡ መኪኖች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በዚያ አገር በጎርፍ የተጎዳ መኪና የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ምልክት የሚደረግበት አሠራር ቢኖርም፣ በጨረታ ተሽጦ ከአገር ሲወጣ ይህ ታሪክ ለቀጣዩ ገዢ ሳይነገር ሊቀር ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን በአሜሪካ የተሽከርካሪ ታሪክ መዝገቦች መፈተሽ ከወጪው ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ ብዙ ነው። የአገልግሎትና የጥገና ደረሰኞችንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጎርፉ ወዲያው በኋላ ምንጣፍ፣ ወንበር ወይም የኤሌክትሪክ ዕቃ የተቀየረበት ደረሰኝ ከተገኘ ሻጩ ምክንያቱን ሊያስረዳ ይገባል።

አጣቢው እጅ የማይደርስባቸው ስፍራዎች

መኪናውን በቀን ብርሃን ማየት ይመረጣል። የባህረ ሰላጤው ሙቀት በዚህ ረገድ ለገዢው አጋዥ ነው። መኪናው መስኮቶቹ ተዘግተው ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ በሩ ሲከፈት፣ ከምንጣፉና ከወንበሩ ውስጥ የቀረ እርጥበት የሻጋታ ሽታ ያወጣል። ቀጥሎም የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ የሚወጣውን አየር ማሽተት ይገባል። ከመጠን ያለፈ የሽቶ መዓዛም ራሱ ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል።

የደህንነት ቀበቶዎችን እስከ መጨረሻው ስቦ ማውጣት ቀላል ነገር ግን ብዙ የሚናገር ፈተና ነው። አጣቢዎች የሚያጸዱት ብዙውን ጊዜ የሚታየውን ክፍል ስለሆነ፣ ተጠቅልሎ የሚቀረው ጫፍ የጭቃ መስመር ወይም የውኃ ምልክት ይዞ ይገኛል። ወንበሮቹ የሚንሸራተቱባቸውን ሐዲዶችና የታሰሩባቸውን ብሎኖች በእጅ መብራት ማየት ይገባል፤ በደረቅ መኪና ውስጥ እነዚህ ብረቶች የሚዝጉበት ምክንያት እምብዛም የለም። ብሎኖቹ በቅርቡ የተፈቱ መስለው ከታዩም ወንበሮቹ ለማድረቅ ወጥተው እንደነበር ሊጠቁም ይችላል።

ምንጣፉን በማዕዘኑ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ መዳሰስ፣ በኋላ ክፍል የመለዋወጫ ጎማውን አንስቶ የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ስፍራ ማየት፣ ከዳሽቦርዱ ሥር አጎንብሶ ሽቦዎቹን መመልከትም ያስፈልጋል። በእነዚህ ቦታዎች ደቃቅ ጭቃ፣ ደለል ወይም ቅጠል ከተገኘ ውኃ ገብቶ እንደነበር ያመለክታል። እርግጥ ነው፣ በበረሃ አገር አቧራ በሁሉም ስፍራ ይገኛል። ነገር ግን ነፋስ ያመጣው አቧራ በጨርቅ ሲጠረግ የሚለቅ ሲሆን፣ ውኃ ያመጣው ደለል ደርቆ ይጣበቃል፤ ብዙ ጊዜም ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ይታያል። በፊት መብራቶች ውስጥ የታመቀ ጤዛና በአሮጌ መኪና ውስጥ የተነጠፈ አዲስ ምንጣፍም ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው። አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ሦስት አራት ምልክቶች ሲደራረቡ ግን ገዢው ቢተወው ይሻለዋል።

ሞተርና ኤሌክትሪክ

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ማውጣት ይገባል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህ ምልክት በሌላ የሞተር ብልሽትም ሊመጣ ቢችልም፣ በሁለቱም መንገድ ጥገናው ከባድ ነው። መኪናው በጎርፍ ውስጥ እየተነዳ ሞተሩ ውኃ ስቦ ከነበረ ደግሞ፣ ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ዘንግ ሊጣመም ይችላል፤ ይህም በንዝረትና በእንግዳ ድምፅ ይገለጣል።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፦ መስኮቶች፣ የበር ቁልፎች፣ መብራቶች፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የኋላ ካሜራ፣ ሬዲዮ፣ የወንበር ማስተካከያ። ቁልፉ ሲዞር የአየር ከረጢቱና የፍሬኑ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ለጥቂት ሰከንዶች በርተው ሊጠፉ ይገባል። ከቶ ካልበሩ፣ ብልሽትን ለመደበቅ ሲባል ተቋርጠው ሊሆን ይችላል።

የባለሙያ ምርመራ

ለፈቃድ ዕድሳት የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ መኪናው በዚያ ዕለት ለመንገድ ብቁ መሆኑን እንጂ ያሳለፈውን ታሪክ አይመሰክርም። ስለዚህ ገዢው በምርመራ ማዕከል ወይም ራሱ በመረጠው ጋራዥ፣ መኪናው ወደ ላይ ተነስቶና ኮምፒዩተሩ ተነብቦ ሙሉ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል። ለዚህ የሚከፈለው ጥቂት መቶ ድርሃም ከሚያድነው ኪሳራ ጋር አይወዳደርም። መካኒኩን ሻጩ ወይም ደላላው እንዲመርጥ መፍቀድ ግን የምርመራውን ዋጋ ያሳጣል።

የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪኖች ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ፍሎሪዳ ከመታ በኋላ፣ በጨዋማ ውኃ የተነከሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዘግይተው በእሳት ተያይዘዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ወደ አገር ቤት መኪና ለመላክ የሚያስብ ሰው ይህን ሊዘነጋው አይገባም። የባትሪው ጤንነት በባለሙያ ተረጋግጦ በጽሑፍ ሳይሰጥ መኪናውን በመርከብ መጫን፣ ችግሩን ሻጩን ማግኘት ወደማይቻልበት ስፍራ መውሰድ ነው።

ክፍያና ውል

በመጨረሻም ሻጩ “መኪናው በጎርፍ አልተጎዳም” ብሎ በሽያጭ ውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይገባል። ማስታወቂያውንና በስልክ የተለዋወጡትን መልእክት ማስቀመጥም ክርክር ቢነሳ ለማስረጃነት ይረዳል። በቃል “ምንም የለበትም” እያለ በጽሑፍ ለመፈረም የሚያመነታ ሻጭ፣ እንዲሁም “ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው” በማለት ምርመራውን የሚያስቀር ደላላ፣ ስለ መኪናው የሚሰጡት ምላሽ ከዚሁ ይታወቃል። ምርመራው ሳይጠናቀቅ ቀብድ አለመክፈል፣ ቀሪውንም የባለቤትነት ዝውውሩ በሚፈጸምበት ጊዜ መክፈል ይመረጣል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው፣ ከእጅ የወጣን ገንዘብ ከማስመለስ ይልቅ ከመክፈል በፊት አንድ ቀን ለምርመራ መስጠት እጅግ ይቀላል።