ቆራጭ፣ ቁራጭና ለያይ ምልክት፤ ጽሑፍን በኮምፒዩተር ስለ መክፈል

የግዕዝ ጽሕፈት ቃልን ከቃል የሚለይበት የራሱ ምልክት ያለው ጽሕፈት ነው። በቢቸናና በሞጣ አውራጃ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም ብራና የዳመጡ ጸሐፍት ከያንዳንዱ ቃል ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (፡) ያኖሩ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲፈጸም ደግሞ አራት ነጥብ (።) ይከተላል። በደቡብ ዐረብ የድንጋይ ጽሕፈት ይህንኑ አገልግሎት ትሰጥ የነበረችው ቀጥ ያለች ሰረዝ ናት። በዛሬው ኅትመት ባዶ ቦታ የሁለት ነጥብን ስፍራ ወስዷል። ይሁን እንጂ ጽሑፍን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ የቃላት ዝርዝር ለሚያወጣ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ፣ በምን ላይ ይቆረጥ የሚለው ጥያቄ አሁንም አልተዘጋም።

ጉዳዩን በ«ነገር ተኮር» የፕሮግራም አሠራር እንመልከተው። በዚህ አሠራር አንድ ሥራ የሚሠራው አካል፣ የሚሠራበትን መረጃና የሚፈጽመውን ተግባር አብሮ የያዘ ነው። ለምሳሌ ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስካነር የሚባል አካል አለ፤ ጽሑፍ ሲሰጠው በቅደም ተከተል እየቆረጠ ያቀርባል። በምን ላይ እንደሚቆርጥ ካልተነገረው ግን በባዶ ቦታ፣ በመስመር መጨረሻና በመሰሎቻቸው ብቻ ይቆርጣል። ስለዚህ ለያይ ምልክቱን የሚያቀብል ትእዛዝ ተዘጋጅቶለታል፤ አካሉም የተቀበለውን ምልክት እስኪለወጥለት ድረስ ይዞ ይቆያል።

እዚህ ላይ ለኛ ጽሕፈት የሚገደን ነጥብ አለ። ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያን ፊደል ሲመዘግብ ሁለት ነጥብን «የቃል ክፍተት» ብሎ ቢሰይመውም፣ የመደበው ከሥርዓተ ነጥቦች እንጂ ከባዶ ቦታዎች ጎራ አይደለም። ከዚህ የተነሣ በብራናው ወግ የተጻፈ ባለ ዐሥራ አምስት ቃል ዐረፍተ ነገር፣ ምልክቱ ያልተነገረው ቆራጭ ዘንድ አንድ ረጅም ቃል ሆኖ ይቀርባል። የቃላት ድግግሞሽ የሚቈጥር ሰው ይህን ሳያስተውል ቢቀር፣ ዝርዝሩ በማንም አፍ ባልተነገሩ «ቃላት» ይሞላል።

እንግዲህ ሁለት ነጥብን ነግረነው እንደሆነ ይበቃል ወይ? የምሥራቅ ጎጃምን አራት ወረዳዎችና ከተሞቻቸውን በአንድ መስመር እንጻፍ፤

እነማይ፡ቢቸና፡ሁለት፡እጁ፡እነሴ፡ሞጣ፡እናርጅ፡እናውጋ፡ደብረ፡ወርቅ፡እነብሴ፡ሳር፡ምድር፡መርጡለ፡ማርያም

በመስመሩ ያሉት ስሞች 8 ናቸው፤ የሚወጡት ቁራጮች ግን 15 ናቸው። «ሁለት» ብቻውን ሲወጣ ቁጥር ይመስላል፤ «ሳር» የከብት መኖ ይሆናል፤ «ደብረ» ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ሁለት ነጥብ ቃልን ይለያል እንጂ ስምን አይለይም። መፍትሔው ከራሱ ከሥርዓተ ነጥባችን ይገኛል፤ ይኸውም በወረዳና በከተማው መካከል ነጠላ ሰረዝ (፣)፣ በአንዱ ጥንድና በሌላው መካከል ድርብ ሰረዝ (፤) ማኖር ነው። አንዱ ቆራጭ በድርብ ሰረዝ ቆርጦ 4 ጥንዶችን ያወጣል፤ ሌላው እያንዳንዱን ጥንድ በነጠላ ሰረዝ ይከፍላል፤ ሁለት ነጥብ በስሙ ውስጥ ሳይነካ ይቀመጣል። ሥርዓተ ነጥባችን በእርከን የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት (፡፡) የመጻፍ ልማድ ነው። ለዓይን ልዩነት የለውም፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ለያዮች ተከታትለው ቆመዋል፤ በመካከላቸውም ምንም የሌለበት ቁራጭ አለ። አንዳንዱ ቆራጭ ይህን ባዶ ቁራጭ ቈጥሮ ያስረክባል፤ አንዳንዱ ይዘለዋል። በዚያ ላይ የላቲኑ ሁለት ነጥብ (:) በኛው ስፍራ ተመትቶ ይገኛል። ስለሆነም ጽሑፉን ከመቁረጥ በፊት አስቀድሞ ማጥራት፣ ወይም «ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ወይም ከአንድ በላይ ተከታትሎ ሲገኝ» ብሎ ማዘዝ የግድ ነው።

ወደ ስያሜው እንመለስ። ተርጓሚዎች ምልክቱን «ከፋይ» ማለት ይቀናቸዋል። ቃሉ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን «ግብር ከፋይ» ከሚለው ጋር ይጋጫል፤ መሣሪያውን «መክፈያ» ብንል ደግሞ ገንዘብ ይመጣብናል። «ከፋፋይ» በፖለቲካ አነጋገር ስሙ ጠፍቷል። «መለያ» ለማንነት ምልክትና ለስፖርት ልብስ ተይዟል። «መቁረጫ» የሚለው ስለትን ያሳስባል፤ ምልክቱ ግን አይቆርጥም፤ የሚቆረጥበትን ስፍራ ያመለክታል፤ በሁለት ማሳ መካከል እንደ ቆመ የወሰን ድንጋይ ከየትኛውም ወገን ሳይቆጠር ይቀራል። ስለዚህ ምልክቱን «ለያይ ምልክት»፣ ሥራውን የሚፈጽመውን አካል «ቆራጭ»፣ የሚወጣውን ክፍል «ቁራጭ» ብንል እንመርጣለን። ቆራጭና ቁራጭ በአንድ ፊደል ድምፅ ብቻ ይለያያሉ ቢባልም፣ አድራጊንና ውጤትን ከአንድ ሥር አውጥቶ በአናባቢ መለየት የቋንቋችን ባሕርይ ስለሆነ አንባቢን አያደናግርም። «ነገር ተኮር» በሚለው ላይ ግን ልባችን ሙሉ አይደለም፤ «ነገር» ሙግትንም ወሬንም ስለሚያሳስብ «አካል ተኮር» ይሻል ይሆናል።

ለያይ ምልክት የማይደርስበትም ሥራ እንዳለ መታወቅ አለበት። «በቢቸናና በሞጣ» የሚለው ሐረግ በባዶ ቦታ ሲቆረጥ «በቢቸናና» እና «በሞጣ» ይወጣሉ፤ ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ራስ ሆነው የሚገቡ አይደሉም። መስተዋድዱና መስተጻምሩ ያለ ምንም ምልክት ከስሙ ጋር ተጣብቀዋልና እነሱን መፍታት የሥነ ምዕላድ እንጂ የቆራጩ ድርሻ አይደለም።