መሬቱ ምን ውጦ ይሆን?
አሮጌ መጋዘን የነበረበት ቦታ መናፈሻ ከመሆኑ በፊት



አንድ ቦታ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል? አይቻልም። ሣር በተበከለ አፈር ላይም ይበቅላል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነገር ነው።

በጭላሎ ተራራ ሥር ያለችው አሰላ እየሰፋች ነው። በአርሲ ደጋ ያሉ ሌሎች ከተሞችም እንዲሁ። ከተማ ሲሰፋ ትናንት ዳር የነበረው ቦታ ዛሬ መሐል ይሆናል። አሮጌው መጋዘን ይፈርሳል። ጋራዡ ይነሳል። ቦታው ባዶ ሲሆን «እዚህ መናፈሻ ይሁን፣ ልጆች ይጫወቱበት» ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል። መሬቱ ከዚህ በፊት ምን ነበር? ምንስ ፈሶበታል?

ይህ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን እዚያ ሣር ላይ የምናርፈው እኛ ነን። ልጆቻችን ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ከከተማው የሚወርደው ጅረትም ወደ እርሻችንና ወደ ከብቶቻችን ይመጣል።

የተረፈው መድኃኒት

አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በስዊድን መንግሥት እርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አሰላ ላይ ተቋቋመ። ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱታል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከገበሬው ጋር ተዋወቁ። ከጊዜ በኋላም የአረምና የተባይ መድኃኒት በየቦታው ተለመደ። መድኃኒቱ በአግባቡ ሲያዝ ጠቅሞናል። ችግር የሚመጣው ከተረፈው ነው።

በአገራችን ለአንበጣ፣ ለተምች፣ ለወባ ትንኝ ማጥፊያ ተብሎ ለብዙ ዓመታት መድኃኒት ሲገባ ኖሯል። ሁሉም ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ጊዜው ያለፈበት በየመጋዘኑ ቀረ። በርሜሎች ዛጉ፣ አንዳንዶቹም አፈሰሱ። በ1990ዎቹ ዓመታት መንግሥት ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና ከረጂ አገሮች ጋር ሆኖ ይህን ማሰባሰብ ጀመረ። 1,500 ቶን ያህሉ ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከ። ይህ 15 ሺህ ኩንታል ማለት ነው። እዚያ በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ ልዩ ምድጃ ተቃጠለ። እንዲህ ያለ ምድጃ በአገራችን አልነበረም።

መድኃኒቱ ሄደ እንበል። በርሜሉ ተቀምጦበት የነበረው መሬትስ? የፈሰሰው መድኃኒት ወደ አፈር ይሰርጋል። እንደ ዲዲቲ ያለው አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። ከብት በዚያ ላይ ሲግጥ ወደ ስቡና ወደ ወተቱ ይገባል። ከወተቱም ወደ ሕፃኑ።

ሦስት ነገሮች

መሬት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ሦስት ነገሮችን ይፈልጋሉ። እነሱም ምንጭ፣ መንገድና ተጎጂ ናቸው።

ምንጭ የምንለው መርዙ ያለበትን ቦታ ነው። መንገድ የምንለው መርዙ የሚሄድበትን ነው። በአቧራ፣ በውሃ፣ በሣር ወይም በእጅ ሊሆን ይችላል። ተጎጂው ሰው ወይም እንስሳ ነው። ሦስቱ ሲገናኙ ጉዳት ይመጣል። ከሦስቱ አንዱ ከተቆረጠ ጉዳቱ ይቆማል።

መናፈሻ ሲሆን ታዲያ ማን ይመጣል? ሕፃናት ይመጣሉ። ሕፃን አፈር ላይ ይንከባለላል። እጁን ሳይታጠብ አፉ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ለመጋዘን ያልከፋ መሬት ለመጫወቻ ሊከፋ ይችላል።

መሬት እንዴት ይመረመራል?

1ኛ፦ ታሪኩ ይጠየቃል። ከመቆፈር በፊት ሰው ይጠየቃል። መጋዘኑ የት ነበር? በሩ በየት በኩል ነበር? በርሜል የሚታጠበው የት ነበር? የተቀበረ ነገር አለ? ይህን የሚያውቁት የጥንቱ ዘበኛ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የሠፈሩ ሽማግሌና እናቶች ናቸው።

2ኛ፦ ቦታው በእግር ይታያል። ሣር የማይበቅልበት ቦታ አለ? አፈሩ ቀለሙን ቀይሯል? ይሸታል? ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ወዴት ይሄዳል? ጉድጓድ ውሃ በአቅራቢያው አለ? ልብ እንበል፤ ምልክት አልታየም ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም። የሚሸት አፈር ከተገኘም አይነካም። ለባለሙያ ይነገራል።

3ኛ፦ ናሙና ይወሰዳል። ቦታው እንደ መደብ ይከፋፈላል። ከየመደቡ ከላይኛው አፈር ይወሰዳል። ከዚያም ዝቅ ተብሎ ከጥልቁ ይወሰዳል። እያንዳንዱ በንጹሕ ዕቃ ለብቻው ይታሸጋል። የት ቦታና ከምን ያህል ጥልቀት እንደተወሰደ ይጻፍበታል። ለማነጻጸር ከሌላ ንጹሕ ቦታም አፈር ይጨመራል። የጉድጓድ ውሃም ይቀዳል። ሁሉም ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል።

4ኛ፦ ውጤቱ ይመዘናል። መርዙ ስንት ነው? የት ነው? ወደ ሰው የሚደርስበት መንገድ አለው? ውሳኔው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መድኃኒቱ እንደ በሽታው

ሁሉም አፈር በአንድ መንገድ አይታከምም። ነዳጅና ዘይት የነካው አፈር እንደ ፍግ እየተገለበጠ አየርና እርጥበት ቢያገኝ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወታውያን ነዳጁን ይበሉታል። ከመኪና ባትሪ የሚወጣው እርሳስ የተባለው ብረት ግን አይበሰብስም። እሱ ያለበት አፈር ወይ ተቆፍሮ ይነሳል፣ ወይ በሸክላ አፈርና በንጹሕ አፈር ተደፍኖ ይሸፈናል። በተሸፈነ ቦታ ላይ ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍ አይተከልም። የውሃ ጉድጓድም አይቆፈርም።

በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ያወጣ የነበረ ፋብሪካ ቦታ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 መናፈሻ ሆነ። አፈሩ ታከመ። ንጹሕ አፈርም ለበሰ። ከዚያ በኋላም ምርመራው አልቆመም። እንዲህ ያለ መሬት ክትትል ይፈልጋል።

የተነሳው አፈርስ የት ይሂድ?

ይህን ጥያቄ ገበሬ ሊረሳው አይገባም። የአዲስ አበባን ነገር እናስታውስ። የከተማዋ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ቆሼ በተባለው ቦታ ሲከመር ኖረ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አጠገብ አዲስ መጣያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ውሃችንና ከብታችን ተጎዳ ብለው ተቃወሙ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራው ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተናደ። በሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የአንዱን ሠፈር ቆሻሻ ወደ ሌላው ሠፈር መውሰድ ማጽዳት አይባልም።

መብታችንና ድርሻችን

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት አዋጆች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 299 ስለ አካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ነው። አዋጅ ቁጥር 300 ስለ ብክለት ቁጥጥር ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? ስለ ቦታው የምናውቀውን ለመርማሪዎቹ እንንገር። የአሮጌ መጋዘን በርሜል ወይም ጀሪካን ለውሃና ለጠላ አንጠቀም። ታጥቦ አይጠራም። ያልተመረመረ ቦታ ላይ ከብት አናሰማራ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ በስብሰባ ይነበብልን እንበል። ከዚያም ወረቀቱን ተቀብለን ራሳችን እናንብበው። ትናንት በርሜል ላይ «መርዝ» ተብሎ የተጻፈውን ማንበብ ያልቻልን ብዙዎች ነበርን። ዛሬ እናነባለን።

እንወያይ

1. በቀበሌያችን ወይም በአቅራቢያችን ከተማ መጋዘን፣ ጋራዥ ወይም ቆሻሻ መጣያ የነበረ ቦታ አለ? ታሪኩን ማን ያውቃል?
2. ምንጭ፣ መንገድና ተጎጂ ምን ማለት ናቸው? ከአካባቢያችን ምሳሌ እንስጥ።
3. የተበከለ አፈር ከከተማ ወደ እኛ ይምጣ ቢባል ምን ምን እንጠይቃለን?

አዳዲስ ቃላት

ናሙና፦ ከብዙው ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት።
ቤተ ሙከራ፦ ባለሙያዎች በመሣሪያ የሚመረምሩበት ቤት።
ብክለት፦ አፈር፣ ውሃ ወይም አየር በመጥፎ ነገር መበላሸት።