ሪቬቱ ተጣመመ፤ እንንቀለው ወይስ እንተወው?

አሜሪካ ውስጥ ሰዎች መኪና ማቆሚያቸው ውስጥ አውሮፕላን ይሠራሉ፤ ሕጋዊም ነው። የአገሪቱ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ ዋና ጥያቄው፣ ከሥራው ከግማሽ የሚበልጠውን ለትምህርት ወይም ለደስታ ብለው የሚሠሩ ግለሰቦች እንዲሠሩት ነው። ከእነዚህ አውሮፕላኖች መካከል በብዛት የሚታዩት የቫንስ ኩባንያ አርቪ ሞዴሎች ናቸው። ሰውነታቸው ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ሲሆን የተያያዘው በሺዎች በሚቆጠሩ ሪቬቶች ነው። ሪቬት እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የድስት እጀታ ላይ ያለችው ክብ ጉብታ እኮ ናት።

ለምን አይበየድም? ላሜራው 2024-ቲ3 የሚባል፣ መዳብ የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ነው። ጥንካሬውን ያገኘው ተሞቆ በድንገት እንዲቀዘቅዝ በመደረጉ ስለሆነ፣ የብየዳ ሙቀት ያንኑ ጥንካሬ ይወስድበታል።

አሁን ወደ ሪቬቱ። ብዙ ሰው ሪቬት የሚይዘው በሁለቱ ጭንቅላቶቹ ይመስለዋል። ጭንቅላቶቹ ላሜራዎቹን ያጣብቃሉ፤ ዋናው ሥራ ግን ያለው ቀዳዳው ውስጥ ነው። ውፍረቱ 3.18 ሚሊ ሜትር የሆነ ሪቬት 3.26 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ይገባል። በአንድ ወገን በአየር የሚሠራ መዶሻ ይመታዋል፣ በሌላው ወገን ሰው ከባድ ብረት ይዞ ይደግፈዋል። ሲመታ ግንዱ ያብጥና ያቺን ትንሽ ክፍተት ይሞላታል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ላሜራዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሊንሸራተቱ ቢሞክሩ የሚያገኙት ግንዱን ነው። የዚህ መጠን አንድ ሪቬት እንዲህ ላለው ኃይል 388 ፓውንድ፣ ማለትም 175 ኪሎ ገደማ ይችላል።

ስለዚህ ከመዶሻው ይልቅ ትራፓኖው ያሳስበኛል። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ግንዱ እኩል አይሞላውም። አፉ ላይ ሹል ጠርዝ ከቀረ ደግሞ ስንጥቅ ከዚያ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ቫንስ ራሱ የገጠመው ይኸው ነበር፦ ቀዳዳዎቹ በሌዘር የተቆረጡባቸው አንዳንድ ክፍሎች፣ የሪቬቱ ጭንቅላት እንዲሰምጥ የቀዳዳው ዙሪያ ሲሰረጎድ ይሰነጠቁ ጀመር። ሌዘሩ ቆረጣውን የጀመረበትና የጨረሰበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ይተው ነበር።

የተመታው ጫፍ መጨረሻ ላይ ወርዱ የግንዱን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቁመቱ ግማሹን ያህል መሆን አለበት። ለ3.2 ሚሊ ሜትሩ 4.8 በ1.6 ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ትንሽ ዘመም ብሎ ቢወጣስ? ጀማሪ ወዲያው ሊነቅለው ይቸኩላል። እኔ ግን ትንሽ ዘመም ያለው ቢተው እመርጣለሁ። ሲነቀል ትራፓኖው ከመሃል ይስታል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከውጭ ያማረው አዲሱ ሪቬት የተበላሸ ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል። ለዓይን ብለን ጥንካሬ ሸጥን ማለት ነው።

መነቀል ያለባቸውም አሉ፤ በእነሱ ላይ ድርድር የለም። የተሰነጠቀ፣ የሚነቃነቅ፣ ጭንቅላቱ ላሜራው ላይ ያልተቀመጠ፣ ወይም ግንዱ በሁለቱ ላሜራዎች መካከል አብጦ የለያያቸው። የላላ ሪቬት ከበረራ በኋላ ራሱን ያጋልጣል፦ ሲፋተግ የሚወጣው ጥቁር ብናኝ ከጀርባው እንደ ጭስ መስመር ይሠራል።

አነቃቀሉ እንዲህ ነው። ክብ ጭንቅላት ባለው የአውሮፕላን ሪቬት አናት ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ የትራፓኖው ጫፍ እዚያ ይቀመጥ። የሚበሳው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፣ ላሜራው ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ከዚያ ቀጭን ዘንግ አስገብቶ ጭንቅላቱን ወደ ጎን መስበር፣ ከኋላ ላሜራውን በእንጨት ደግፎ ግንዱን ቀስ አድርጎ መግፋት። ቀዳዳው ሰፍቶ ከተገኘ ቀጣዩ መጠን ሪቬት ይገባል፤ ግን ከቀዳዳው መሃል እስከ ላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የአዲሱ ሪቬት ውፍረት ሁለት እጥፍ መቅረቱን አስቀድማችሁ ለኩ።